በሎርድ ኬምስ ዱካ፦ ከኤድንበራ ችሎት እስከ ብሌር ድራመንድ ረግረግ

ሄንሪ ሆም በ1696 በስኮትላንድ ደቡብ ምሥራቅ፣ በቤሪክሻየር ተወለደ። በ1752 ዳኛ ሆኖ ሲሾም «ሎርድ ኬምስ» ተባለ፤ ዲሴምበር 27 ቀን 1782 እስኪሞት ድረስም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ማዕረጉ በዘር የሚወረስ ባላባትነት አልነበረም። የስኮትላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሲሾም ብዙ ጊዜ በርስቱ ስም «ሎርድ» ይባላል፤ ሲሞት ማዕረጉ አብሮት ያበቃል እንጂ ወደ ልጅ አይተላለፍም። የቤተሰቡ ስም «ሆም» ተብሎ ቢጻፍም ሲነበብ «ሂዩም» ነው። የሩቅ ዘመዱ ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም አንባቢ እንዳይሳሳትበት አጻጻፉን ቀየረ፤ ኬምስ ግን በአባቶቹ አጻጻፍ ጸና።

ስለ ሕግ፣ ስለ ሥነ ምግባር፣ ስለ ኪነ ጥበብ ሂስ፣ ስለ ሰው ልጅ ታሪክና ስለ እርሻ ጽፏል። መጻሕፍቱን ብቻ ያነበበ ሰው ግን ሐሳቡ ከየት እንደፈለቀ አያይም። ኬምስ ችሎት ላይ የተከራከረበትን ወደ ድርሰት፣ በድርሰት ያሰበውን ደግሞ ወደ መሬት ያወርድ ነበር። ይህ የአምስት ቀን ጉዞም ሰውየውን በቦታዎቹ ላይ ይከተለዋል።

ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ በእኛ ነው። ጉዞው ሰኞ ቢጀመር ይመረጣል፤ የፍርድ ቤቱ አዳራሽ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነውና። ወቅቱ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ቢሆን ጥሩ ነው። በዲሴምበር ኤድንበራ ላይ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ስለምትጠልቅ ሦስተኛውና አራተኛው ቀን በጨለማ ይበላሉ።

ቀን 1፣ ሰኞ፦ የፓርላማው አዳራሽ

ከዌቨርሊ ባቡር ጣቢያ ወጥቶ ዳገቱን ወደ ሃይ ስትሪት ለመውጣት አሥር ደቂቃ ያህል ይበቃል። ከሴንት ጃይልስ ካቴድራል ጀርባ ያለው አደባባይ ፓርላመንት ስኩዌር ይባላል። በ11 ቁጥር በር ይገባል፤ ክፍያ የለም፣ ቦርሳ ይፈተሻል። ሕንጻው ዛሬም የሚሠራ ፍርድ ቤት ስለሆነ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ጠባቂዎቹን ይጠይቁ።

ብዙ ጎብኚ እዚሁ በሩ ላይ ይታለላል። ከውጭ የሚታየው የድንጋይ ፊት ከኬምስ ዘመን በኋላ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተሠራ ነው። አሮጌው ውስጥ ነው ያለው። በ1639 የተጠናቀቀው አዳራሽ 37 ሜትር ያህል ርዝመትና 15 ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ጣሪያውን የተሸከሙት የኦክ እንጨት ማገሮች ኬምስ ቀና ብሎ ያያቸው ናቸው። በደቡብ በኩል ያለው ባለቀለም የመስታወት መስኮት ግን የ1860ዎቹ ሥራ ነው። የስኮትላንድ ፓርላማ እስከ 1707 እዚህ ይሰበሰብ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቦታው የጠበቆች ሆነ። ዛሬም ጠበቆች ጎን ለጎን ሆነው አዳራሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሱበታል። እየተንቀሳቀሱ የሚያወሩት ሌላ ሰው ምስጢራቸውን እንዳይሰማ ነው።

በኬምስ ዘመን የስኮትላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሆነው የኮርት ኦፍ ሴሽን ዳኞች 15 ነበሩ። አንድ ዳኛ ብቻውን በዚሁ አዳራሽ፣ በሰው ግርግር መካከል ጉዳይ ይሰማል፤ ከባዱ ጉዳይ አዳራሹን ተያይዞ በነበረ ክፍል ውስጥ አብረው ለሚቀመጡት ዳኞች ይቀርባል። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በወረቀት ነበር። ጠበቃው አቤቱታውንና መልሱን ጽፎ ያሳትማል፣ ቅጂው ለእያንዳንዱ ዳኛ ይታደላል፣ ዳኞቹ ቤታቸው አንብበውት ይመጣሉ። ስለዚህ ጥሩ ጸሐፊ የሆነ ጠበቃ አፈ ጮሌውን ይረታው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያልገባውና በቤት አስተማሪ የተማረው ሄንሪ ሆም በ1723 ጠበቃ ሆኖ ወደዚህ አዳራሽ ሲገባ ያሳደገው ይህ አሠራር ነው። በ1728 የታወቁ ውሳኔዎችን ሰብስቦ አሳተመ፤ በ1741 ደግሞ የፍርድ ቤቱን ውሳኔዎች እንደ መዝገበ ቃላት በርእስ በርእሳቸው ደርድሮ አወጣ። «ይህ ሕግ ለምን እንዲህ ሆነ?» የሚለው የድርሰቶቹ ሁሉ ጥያቄ ከዚያ ድርደራ የመጣ ነው ብንል አንሳሳትም። ሺህ ውሳኔ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የማይገጣጠሙትን ማየቱ አይቀርም።

በዚህ ቦታ ከሁሉም በላይ ሊታሰብ የሚገባው ጉዳይ የጆሴፍ ናይት ነው። ናይት በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ ጃማይካ ላይ ለጆን ዌደርበርን የተሸጠ ሰው ነው። ዌደርበርን በ1769 ወደ ስኮትላንድ ይዞት መጣ። ናይት እዚያ ተጠመቀ፣ አንዲት የቤት ሠራተኛ አገባ፣ ከዚያም «ልሂድ» አለ። የአካባቢው ዳኞች ለጌታው ፈረዱ። ናይት ወደ ፐርዝ ሸሪፍ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1774 ያ ፍርድ ቤት ባርነት በዚህ አገር ሕግ አይታወቅም ሲል ወሰነ። ዌደርበርን ጉዳዩን ወደ ኤድንበራ አመጣው። ጃንዋሪ 15 ቀን 1778 ዳኞቹ በድምፅ ብልጫ ለናይት ፈረዱለት። ያኔ 80 ዓመት ያለፈው ኬምስ ከናይት ጎን ቆመ። የጃማይካን ሕግ እዚህ ልናስፈጽም አንችልም፣ የተቀመጥነው ትክክል የሆነውን ለማስፈጸም እንጂ በደልን ለማስፈጸም አይደለም ያለው በዚህ ችሎት ነው። እንደ ኬምስ ድርሰት ጸሐፊ የነበረው ሌላው ዳኛ ሎርድ ሞንቦዶ ከጌታው ወገን ነበር።

ፍርዱ ሲወደስ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። በዚያው ዘመን ስኮትላንዳውያን የከሰል ማዕድንና የጨው ሠራተኞች በሕግ ከሥራ ቦታቸው ጋር ታስረው ይኖሩ ነበር። ማሰሪያው መላላት የጀመረው በ1775 ሕግ ሲሆን ጨርሶ የተፈታው በ1799 ነው።

ቀን 2፣ ማክሰኞ፦ ካነንጌትና መዛግብቱ

ጠዋቱ ለመዛግብት ነው። ከዌቨርሊ ፊት ለፊት፣ በፕሪንስስ ስትሪት ምሥራቃዊ ጫፍ ያለው ሬጅስተር ሃውስ የስኮትላንድ ብሔራዊ መዛግብት ቤት ነው። የናይት መዝገብ ቁጥር ሲኤስ235/ኬ/2/2 ነው፤ የኬምስ ቤተሰብ ደብዳቤዎች አበርኬርኒ በሚባለው ስብስብ፣ በጂዲ24 ሥር ይገኛሉ። የአንባቢ ካርድ ያስፈልጋል፤ ለዚህም መታወቂያና የአድራሻ ማስረጃ ይያዙ። ሰነዱን ከቀናት በፊት ማዘዝ ይገባል፤ ከሌላ ግምጃ ቤት የሚመጣ ሊሆን ስለሚችል ያላዘዘ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። እርሳስ ይያዙ፣ እስክሪብቶ አይፈቀድም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ካነንጌት ይወረዳል። ኬምስ የኖረበት ኒው ስትሪት ከካነንጌት ወደ ካልተን ሮድ የሚያቆለቁል አጭር መንገድ ነው። የዘመኑን መልክ ፍለጋ ብዙ አይድከሙ። በ20ኛው መቶ ዘመን ትልቅ የአውቶቡስ ጋራዥ ነበረበት፣ እሱም ፈርሶ አዳዲስ ሕንጻዎች ቆመውበታል። መንገዱ ዋጋ ያለው ርቀትን ስለሚያሳይ ነው፤ ከዚህ ተነስቶ በእግር ችሎት መድረስ ይቻላል። የክረምቱ ችሎት ከኖቬምበር እስከ ማርች፣ የበጋው ከጁን እስከ ኦገስት ነበር። በመካከሉ ያለው ጊዜ የእርሻ ነው፤ የዚህ ሰው ሕይወት በዚህ የቀን መቁጠሪያ ተከፍሎ ነበር።

ትንሽ ዝቅ ብሎ የካነንጌት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የአዳም ስሚዝ መቃብር አለ። ስሚዝ በ1748 ኤድንበራ ላይ ለሕዝብ ማስተማር ሲጀምር ከኋላው ሆነው ከደገፉት አንዱ ኬምስ ነበር። ስሚዝም በኋላ፣ ሁላችንም ኬምስን መምህራችን ብለን መቀበል አለብን ማለቱ ይነገራል። ኬምስ ራሱ በ1751 ባወጣው የሥነ ምግባርና የተፈጥሮ ሃይማኖት ድርሰት ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ተጋጭቷል። በ1755 እና በ1756 እሱንና ዴቪድ ሂዩምን በቤተ ክርስቲያኒቱ ጠቅላላ ጉባኤ ለማስወገዝ ተሞክሮ ሳይሳካ ቀረ። ዳኛ ሆኖ ሳለ ይህን መጋፈጡ ቀላል አልነበረም።

ቀን 3፣ ረቡዕ፦ ቤሪክሻየር

ከዌቨርሊ እስከ ቤሪክ አፖን ትዊድ በባቡር 45 ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ወደ ኮልድስትሪምና ኬልሶ አውቶቡስ አለ፤ የመመለሻውን ሰዓት መጀመሪያ ያረጋግጡ፣ ካመለጠ የሚቀጥለው ይርቃል። መኪና ለተከራየ ቀኑ በጣም ይቀላል።

የኬምስ ርስት በኬልሶና በኮልድስትሪም መካከል፣ በኤክልስ አጠገብ ነው። ቤቱ የግል መኖሪያ ስለሆነ አይገባም፤ ከመንገዱ ሆኖ አካባቢውን ማየት ይበቃል። ጥሩው ቦታ በስተምዕራብ ኮረብታ ላይ ያለው የሂዩም ግንብ ነው፤ መርስ የሚባለው ሰፊ የእርሻ ሜዳ ከዚያ ሆኖ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ይታያል። ከሩቅ የሚታየው ባለ ጥርስ ግድግዳ በ1790ዎቹ በአሮጌው ፍርስራሽ ላይ የተሠራ እንጂ የጦርነት ዘመን ምሽግ አይደለም።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1759 ከልጁ ጋር ወደ ስኮትላንድ መጥቶ በዚህ ርስት ላይ የኬምስ እንግዳ ሆኗል። በማግሥቱ ዓመት መጀመሪያ ለኬምስ በጻፈው ደብዳቤ በስኮትላንድ ያሳለፋቸውን ስድስት ሳምንታት በሕይወቱ ካየው ደስታ ሁሉ የላቀ ብሎታል። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1758፣ ኬምስ በሕግ ታሪክ ድርሰቱ ኅብረተሰብ ከአደን ወደ ከብት እርባታ፣ ከዚያ ወደ እርሻ፣ ከዚያም ወደ ንግድ እንደሚሸጋገር፣ የንብረት ሕግም አብሮ እንደሚለወጥ ጽፎ ነበር። በመርስ ሜዳ ላይ ቆሞ ይህን ማሰብ ይጠቅማል። እርሻው እዚያው ዓይኑ ሥር እየተለወጠ ነበርና።

ማታ ወደ ኤድንበራ ተመልሶ በባቡር ወደ ስተርሊንግ ማለፍ ይሻላል፤ ጉዞው 50 ደቂቃ ገደማ ነው።

ቀን 4፣ ሐሙስ፦ ብሌር ድራመንድ

ለዚህ ቀን ውሃ የማያስገባ ጫማ የግድ ነው። ብሌር ድራመንድ ከስተርሊንግ በስተሰሜን ምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙን ዛሬ የሚያውቁት በ1970 በተከፈተው የዱር እንስሳት ፓርክ ነው። ኬምስ የኖረበት ቤት በ19ኛው መቶ ዘመን ፈርሷል። አሁን ያለው ትልቅ ቤት ከሱ በኋላ የተሠራ ሲሆን ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች መኖሪያ ስለሆነ ለጉብኝት አይኬድበትም። የሚታየው መሬቱ ነው።

በ1766 የኬምስ ሚስት አጋታ ድራመንድ ይህን ርስት ወረሰች። እሱ 70 ዓመቱ ነበር። ከርስቱ ብዙው ክፍል የኪንካርዲን ረግረግ ነበር። በሺህ ዓመታት የተከማቸና ውሃ የጠጣ የበሰበሰ ዕፅዋት ሸክላ አፈርን ተጭኖት ይኖራል። ዝቅተኛው ክፍል ጥልቀቱ አንድ ሜትር ያህል፣ ከፍተኛው ደግሞ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ተኩል ሜትር ነው። ከሥሩ ያለው ሸክላ ድሮ ባሕር ያስቀመጠው ለም አፈር ነው፤ በዚህ ሸለቆ ውስጥ የዓሣ ነባሪ አጥንት መገኘቱ ለዚህ ምስክር ነው። የተለመደው ዘዴ ረግረጉን አጠንፍፎ ላዩ ላይ ማረስ ነበር። ኬምስ ግን ረግረጉ ራሱ ተነሥቶ ይሂድ አለ። እንዲህ ያለ ክምር በጋሪ አይጋዝም፤ ስለዚህ ውሃ ይሸከመው ብሎ ወሰነ።

አሠራሩ ይህ ነው። በርስቱ ላይ የነበረ የአንድ የእህል ወፍጮ ውሃ ተጠልፎ ወደ ረግረጉ ተመራ። ዋናው ቦይ እስከ ሸክላው ድረስ ተቆፈረ፤ ከሱ ትናንሽ ቦዮች ወደ እያንዳንዱ ጭሰኛ ድርሻ ተዘረጉ። ጭሰኛው በቦዩ ዳር ቆሞ ረግረጉን በአካፋ እየቆረጠ ወደ ውሃው ይወረውራል፤ ውሃው ይዞት ወደ ፎርዝ ወንዝ ይገባል። አንዱ ዳር ሲጠረግ ቦዩ ወደ አዲሱ ዳር ይዛወራል፤ ቆራጩና ውሃው መራራቅ የለባቸውም። በዘመኑ የተመዘገበው ልክ እንዲህ ይላል፦ አንድ ተራ የእህል ወፍጮ የሚያዞር ውሃ 20 ሰዎች የሚወረውሩትን ይሸከማል፤ ሆኖም ሰዎቹ 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ያህል መራራቅ አለባቸው።

መራራቁ ለምን አስፈለገ? ተጠጋግተው ከወረወሩ ጉማጁ ሳይበታተን ይደራረብና ቦዩን ይደፍነዋል፤ ከበላይ ያለው ውሃ ገንፍሎ የታረሰውን ያጥለቀልቃል። በደረቅ ወራት ውሃው ሲያንስም ሥራው ይቆማል። ከሥር የሚገኘው ጥቁርና ጥብቅ ክፍል በቀላሉ ስለማይንሳፈፍ ለማገዶ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላም ሸክላው ላይ የተጋደሙ የጥንት ዛፎች ግንድና ሥር ይቀራሉ፤ እነሱን ነቅሎ ማውጣት ብቻውን ከባድ ሥራ ነው።

የውሉ አደራደር ዳኛው የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል። እያንዳንዱ ጭሰኛ 8 የስኮትላንድ ኤከር፣ ወደ 4 ሄክታር ገደማ፣ ለ38 ዓመት ይወስዳል። ለቤት መሥሪያ እንጨትና 2 ቦል የአጃ ዱቄት፣ ማለትም 127 ኪሎ ያህል፣ ይሰጠዋል። የመጀመሪያዎቹ 7 ዓመታት ኪራይ የለም። በ8ኛው ዓመት ለጠቅላላው መሬት 1 መርክ ይከፍላል፤ ይህ በእንግሊዝ ገንዘብ 13 ፔንስ ከሲሶ ነው። ከዚያ በየዓመቱ 1 መርክ ይጨመራል፤ በ19ኛው ዓመት 12 መርክ፣ ማለትም 13 ሺልንግ ከ4 ፔንስ ይደርሳል። በሁለተኛዎቹ 19 ዓመታት ኪራዩ የሚሰላው በኤከር ሲሆን ለተጠረገው 12 ሺልንግ፣ ላልተጠረገው 2 ሺልንግ ከ6 ፔንስ ነው። 8ቱንም የጠረገ በዓመት 96 ሺልንግ፣ አንድም ያልጠረገ 20 ሺልንግ ይከፍላል ማለት ነው። ያልተጠረገ ረግረግ እህል ስለማያበቅል 20ው ሺልንግ ለሰነፍ ይከብዳል። ለታታሪው ደግሞ ድካሙ የሚካስበት ሰፊ ዘመን ተሰጥቶታል። ዱቄቱ ያለ ምክንያት አልገባም፤ የመጀመሪያው አዝመራ እስኪደርስ ጭሰኛው የሚበላው ካጣ ጥሎ ይሄዳልና።

ሥራው ቀስ ብሎ ነው የሄደ፤ በ1774 ጭሰኞቹ 13 ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ ከባልኩኢደርና ከካላንደር ወገን የመጡ፣ ጌይሊክ የሚናገሩ የደጋ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያ ቤታቸውን የሠሩት ከረግረጉ ራሱ ነው። ዙሪያውን ቦይ ይቆፍራሉ፣ መሐሉን ይቦረቡራሉ፣ የቀረው ወፍራም ዳር ግድግዳ ይሆናል፣ ጣሪያ ይደረግበታል። ግድግዳው ሲደርቅና ሲጨመቅ ቁመቱ ከግማሽ በታች ስለሚወርድ መጀመሪያ ላይ እጅግ ከፍ አድርጎ መጀመር ያስፈልግ ነበር።

ከፍተኛውን ረግረግ ያስጠረገው የኬምስ ልጅ ጆርጅ ሆም ድራመንድ ነው። በ1787 ከቲት ወንዝ ውሃ የሚያነሳ ትልቅ መሽከርክር አቆመ። የሠራው ጆርጅ ሚክል ሲሆን የመሽከርክሩ ዲያሜትር 28 ጫማ፣ ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ነበር። ከወንዙ በታች ላሉት ግን ይህ ሁሉ ጉዳት ነበር። የሚንሳፈፈው ብስባሽ የፎርዝን ዳርቻና የዓሣ ማጥመጃውን ሲያበላሽ ኖሮ በ1865 እንዲቆም ተደረገ። ኬምስ ስለ ንብረትና ስለ ፍትሕ ያን ያህል ጽፎ፣ የታችኛው ባለመብት በስሌቱ ውስጥ አለመግባቱ ያሳዝናል።

ያልተጠረገው ምን ይመስል እንደነበር ለማየት ወደ ፍላንደርስ ሞስ ይሂዱ። ከቶርንሂል ወደ ኪፐን በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የእንጨት መረማመጃና የማያ ማማ አለው። ከእንጨቱ አይውረዱ፤ አረንጓዴው ሜዳ መስሎ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ውሃ ነው፣ ፀሐይ በወጣ ቀንም እፉኝት ይሞቃል። ማማው ላይ ሲቆሙ በአንድ በኩል ቡናማው ረግረግ፣ ከሱ ማዶ በቀጥታ ቦዮች የተሸነሸነ አረንጓዴ እርሻ ይታያል። ዝናብ ካባራ በኋላ መሬቱ ላይ እንደ ስፖንጅ የሆነውን፣ ሞስ የሚባለውን የረግረግ ዕፅ ከመረማመጃው ጎንበስ ብሎ በጣት መጫን ይቻላል፤ ውሃው ወዲያው ይፈልቃል፣ ጣት ሲነሳ ተመልሶ ይመጠጣል።

ቀን 5፣ ዓርብ፦ ኪንካርዲንና ላርበርት

ኬምስ የተቀበረው ከብሌር ድራመንድ በስተምዕራብ በኪንካርዲን ኢን ሜንቲት፣ በሆም ድራመንድ ቤተሰብ መቃብር ነው። ጸጥ ያለ ቦታ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። እዚያ ሲደረስ በ1774 ያሳተመውን የሰው ልጅ ታሪክ ማንሳት ይገባል። በዚያ መጽሐፍ ኬምስ የሰው ዘሮች ከአንድ ምንጭ የመጡ አይመስልም፣ ለየአየር ንብረታቸው የተለያዩ ሆነው የተሠሩ ናቸው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ሐሳቡ ስሕተት ነው፤ በኋላም ክፉ ሰዎች ተጠቅመውበታል። ይኸው ሰው ከአራት ዓመት በኋላ ለናይት ነጻነት ፈረደ። ሁለቱን አስታርቆ አንድ ለማድረግ መሞከር አያስፈልግም፤ ኬምስን የሚያነብ ሰው ሁለቱንም ይዞ ማንበብ አለበት።

ከስተርሊንግ ወደ ኤድንበራ ሲመለሱ ላርበርት ላይ መውረድ ለእኛ አንባቢ ግዴታ ያህል ነው። ባቡሩ 10 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ከጣቢያው በእግር ይደረሳል። የጀምስ ብሩስ መቃብር እዚያ ነው። የኪናርድ ርስቱ ከዚህ ቅርብ ነው፤ እሱም በወጣትነቱ ኤድንበራ ሕግ እንዲማር ተልኮ ትቶታል። ኬምስ በብሌር ድራመንድ ረግረግ እያስጠረገ ሳለ፣ በፌብሩዋሪ 1770፣ ብሩስ ጎንደር ገባ። በ1774 የመጽሐፈ ሄኖክን የግዕዝ ቅጂዎች ጨምሮ ብራናዎቹን ይዞ አገሩ ተመለሰ፤ በ1790 የጉዞውን ታሪክ አሳተመ፤ በ1794 ከቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ።

ሐውልቱ ከድንጋይ የተጠረበ አይደለም። በአቅራቢያው በነበረው በካረን የብረት ፋብሪካ የተቀለጠ ብረት ነው፤ መጀመሪያ የቆመው በ1785 ለሞተችው ሚስቱ ነበር። ጠጋ ብለው ቢያዩ ፊደላቱ ተቀርጸው የወጡ ሳይሆኑ ከብረቱ ጋር አብረው የፈሰሱ መሆናቸው ያስታውቃል። ከዚያ ወደ ኤድንበራ የሚመለሰው ባቡር 35 ደቂቃ ያህል ይፈጃል።